ምዕራፍ ሰባት፦ ከመሬት የተነሳ እግር

በታናሽ እህቴ የሠርግ አልበም ውስጥ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ቤቱን በሳቅ የሚያፈርስ አንድ ፎቶ አለ። አጎቴ ከዳሱ መሀል አንገቱን ወደ ግራ ሰብሮ፣ ቀኝ ትከሻውን ጆሮው ድረስ ሰቅሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን ገርበብ አድርጎ ቆሟል። አልበሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገላብጥ ሰው እዚህ ገጽ ላይ ሲደርስ ይደነግጣል። “ውይ! ጋሼ ምን ሆነው ነው? አሟቸው ነበር እንዴ?”

አላመመውም። በዚያች ቅጽበት አጎቴ የዕድሜውን ምርጥ እስክስታ እየወረደ ነበር። እኔ ራሴ እጄ እስኪቀላ አጨብጭቤለታለሁ። ቪዲዮውን ላየ ሰው ትከሻው እሳት ላይ እንደተጣደ ሽሮ ይንተከተካል፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ ሙሽራው ሳይቀር ወንበሩን ትቶ ተነስቷል። ፎቶው ላይ ግን ያው ቁርጥማት የያዘው ሰውዬ ነው። አጎቴ በፎቶው አይከፋም። ከዚያ ሠርግ የቀረው ቅሬታ ሌላ ነው። ለዕለቱ ያሠራውን አዲስ ኩታ አንድ ባለጌ በጭቃ ጫማው ረግጦበታል። “እንዲህ ያለ የሰው ልብስ የማያይ ዕውር ማነው?” እያለ ሳምንት ሙሉ ቤተ ዘመዱን በጥያቄ ሲያጣድፍ ከርሟል።

የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ከዚያ ፎቶ የተነሳ ነው። ጭፈራ የሚሠራው ከጊዜ ነው። ከበሮው ይመታል፣ ትከሻው ይመልሳል፣ ጭብጨባው ይከተላል። አንዱ ምት ሌላውን ካልተከተለው የለም። ሠዓሊ ደግሞ ከእነዚህ አንዱም የለውም፤ ድምፅ የለውም፣ ጊዜ የለውም፣ ያለው ጸጥ ያለ ሸራ ወይም ግድግዳ ነው። ታዲያ ሠዓሊዎች ከሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ ጭፈራን መሳል ለምን አልተዉም? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ካሜራው በአጎቴ ላይ ያቃተውን ነገር እነሱ እንዴት ቻሉት?

የሰከረ ሰው ጀርባ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ510 ገደማ፣ አቴና ውስጥ ኤውቲሚደስ የሚባል የሸክላ ሠዓሊ አንድ ትልቅ የወይን ጠጅ ማሰሮ ሳለ። ማሰሮው ኋላ ጣሊያን ውስጥ ቩልቺ በተባለ ጥንታዊ ቦታ የተገኘ ሲሆን ዛሬ ሙኒክ ከተማ በሙዚየም ተቀምጧል። በአንደኛው ገጽ የትሮያው ጀግና ሄክቶር ለጦርነት ሲታጠቅ አባትና እናቱ ግራና ቀኝ ቆመዋል። ማሰሮውን ዞር ስናደርገው ግን ጦርነቱ ይቀርና ሦስት ራቁታቸውን የሆኑ፣ ጢማቸው የተንዠረገገ ሰካራሞች ይጨፍራሉ። አንደኛው ዋንጫ ይዟል። መሀለኛው ጀርባውን ሰጥቶን ወገቡ ላይ ተጠማዟል፤ ትከሻው ወደ አንድ ወገን፣ እግሩ ወደ ሌላ ወገን ይሄዳል።

ይህ ለእኛ ምንም አይደል። ለዘመኑ ሰው ግን ጉድ ነበር። እስከዚያ ድረስ የግሪክ ሸክላ ሠዓሊ ሰውን የሚስለው በጥቁር ጥላ መልክ ነበር፤ ጭንቅላቱ ከጎን፣ ደረቱ ከፊት፣ እግሩ እንደገና ከጎን። ከ520ዎቹ ዓመታት ወዲህ አንድ አዲስ ዘዴ መጣ። ዙሪያው ጥቁር ይቀባና ሰውየው በሸክላው በራሱ ቀይ ቀለም ይቀራል፤ ጡንቻውና የጎድን አጥንቱ ደግሞ በቀጭን ብሩሽ ከውስጥ ይሳላል። ገላን ማጠማዘዝ፣ ጀርባን ማሳየት፣ የሚንገዳገድን ሰው ሚዛን መያዝ ተቻለ። ኤውቲሚደስም ይህን በማድረጉ እጅግ ከመኩራቱ የተነሳ ባልደረባውና ተፎካካሪው የነበረው ኤውፍሮኒዮስ እንዲህ አድርጎ እንደማያውቅ ከጨፋሪዎቹ አጠገብ ጽፎ አስቀመጠ። ልብ በሉ፤ ፉከራውን የጻፈው በጀግናው በሄክቶር ጎን አይደለም። የሙያው ፈተና የሰከረ ሰው ጀርባ መሆኑን ያውቅ ነበርና ጉራውን እዚያው አኖረ።

ከጨፋሪዎቹ አንዱ ስሙ ተጽፎለታል፤ ኮማርኮስ ይባላል፣ የኮሞስ አለቃ እንደማለት ነው። ኮሞስ ግሪኮች ከግብዣ በኋላ በዋሽንትና በችቦ ሰክረው በየመንገዱ እየጨፈሩ የሚዞሩበት የሌሊት ሰልፍ ነው። ቃሉ ለእኛ ሩቅ ይመስላል እንጂ በየቤታችን መደርደሪያ ላይ አለ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት፣ የሥጋን ሥራዎች ሲዘረዝር ከስካር ቀጥሎ ያሰፈረው ቃል ይኸው ኮሞስ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ “ዘፋኝነት” ተብሎ ተተርጉሟል። የአማርኛ ተርጓሚዎቹ እጅ ላይ የነበረው ቃል ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ዛሬ ዘፈነ ስንል ጉሮሮን እናስባለን፤ በግዕዝ ግን ዘፈነ ማለት በዋናው ትርጉሙ ጨፈረ ነው፣ እግርን የሚመለከት ቃል ነው። በየአጥቢያው “ዘፈን ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም?” እየተባለ የሚካሄደው ሙግት፣ ሥሩ ሲማስ ከኤውቲሚደስ ማሰሮ ላይ ከሚንገዳገዱት ሦስት ሰዎች ዘንድ ይደርሳል።

ከእነዚያ ሰዎች የምንማረው የመጀመሪያው የሙያ ምስጢር ይህ ነው። ሠዓሊው የመረጠው ጸንቶ ሊቆይ የማይችለውን ቅጽበት ነው። የቆመ ሰው ሥዕል እንደቆመ ይቀራል። አንድ እግሩን ያነሳ ሰው ግን ወይ ማሳረፍ አለበት ወይ መውደቅ አለበት፤ ሌላ ምርጫ የለውም። ያንን እግር ስናይ ዓይናችን ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ በሐሳቡ ያሳርፈዋል። በደቡብ ሕንድ የቾላ ነገሥታት ዘመን የነበሩ የነሐስ ሠራተኞችም ይህን ያውቁ ነበር። ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት የሠሩት የጨፋሪው አምላክ የሺቫ ሐውልት፣ በእሳት ክብ ውስጥ ሆኖ ግራ እግሩን በገላው ፊት አሻግሮ አንስቷል፤ ነሐሱ ባይነቃነቅም ያ እግር እስኪወርድ የሚጠብቅ ተመልካች ግን እስከ ዛሬ አለ። እንቅስቃሴውን የሚሠራው ተመልካቹ ነው። የሠዓሊው ሥራ መጀመር ብቻ ነው።

ዘመድ ነን ብለው የገቡ

ሁለት ሺህ ዓመት ዘለን ዛሬ ቤልጅየምና ኔዘርላንድ ወደሚባለው አገር እንሂድ። ፒተር ብሩጌል የከተማ ሰው ነው፤ ደንበኞቹ ነጋዴዎችና ባለሥልጣኖች ናቸው። የሚስለው ግን የገበሬ ሠርግና የገበሬ ጭፈራ ነው። እሱ በሞተ በ35 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1604፣ የሠዓሊዎችን ታሪክ የጻፈው ካረል ቫን ማንደር አንድ ወሬ ያወጋናል። ብሩጌልና ሃንስ ፍራንከርት የተባለ ነጋዴ ወዳጁ የገበሬ ልብስ ለብሰው፣ እንደማንኛውም ተጋባዥ ስጦታ ይዘው፣ የሙሽራው ወይም የሙሽሪት ዘመድ ነን እያሉ በየሠርጉ ይገቡ ነበር ይላል። የእኛ አገር ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። በሙሽራው ወገን ሲጠየቅ “የሙሽሪት ነኝ”፣ በሙሽሪት ወገን ሲጠየቅ “የሙሽራው ነኝ” እያለ ጠግቦ የሚወጣ ሰው የሌለበት ሠርግ ማን ያውቃል? ልዩነቱ ብሩጌል የሄደው ለሆዱ ሳይሆን ለዓይኑ መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1566 በእንጨት ሰሌዳ ላይ የሳለው “የሠርግ ጭፈራ” ዛሬ አሜሪካ፣ ዲትሮይት ከተማ በሙዚየም ይገኛል። ስፋቱ አንድ ሜትር ከግማሽ አካባቢ ነው፤ በዚያች ሰሌዳ ላይ 125 ያህል ሰዎች ታጭቀዋል። በስተቀኝ የቆዳ ከረጢቱን ብብቱ ሥር ይዞ የሚነፋ ሙዚቀኛ ቆሟል። ሙሽሪትን ፈልጉ ብትባሉ ነጭ ቬሎ ስትፈልጉ ትውላላችሁ፤ እሷ ግን ጥቁር የለበሰችውና ቀይ ጸጉሯን የለቀቀችው ናት፣ ከጨፋሪዎቹ መሀል ተቀላቅላለች። ለሙሽሪት የተለየ ብርሃን የለም፣ መድረክም የለም። ሠርጉ የሁሉም ነው።

አሁን ቀረብ ብለን ዘዴውን እንይ። ብሩጌል ለእያንዳንዱ ሰው እግር ማንሳቱ ብቻ አልበቃውም፤ ዓይናችንንም ራሱን አስጨፈረው። በቡናማው መሬት ላይ ቀይ ሱሪ፣ ነጭ ሻሽ፣ ቀይ ቀሚስ፣ ነጭ ሽርጥ እያለ ቀለሞቹን በትኗቸዋል። ዓይን ከአንዱ ቀይ ወደ ሌላው ቀይ ይዘልላል፣ መሀል ላይ ነጩ ይጠልፈዋል፣ እንደገና ይዘልላል። ጨፋሪዎቹም ከፊት ጀምረው ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ወደ ኋላ ዛፎቹ ድረስ እየተጠማዘዙ ይሄዳሉ። ሥዕሉን ከላይ ወደ ታች ቀጥ አድርጎ ማንበብ አይቻልም፤ የገባ ሰው ዞሮ ነው የሚወጣ። ከበሮ ለሌለው ሠዓሊ ቀለም ምት ሆነለት።

በወንዶቹ ሱሪ ላይ ፊት ለፊት የተሰፋ ጎላ ያለ ከረጢት አለ፤ የዘመኑ ፋሽን ነው፣ የወንድነት ማሳያ። ይህን ያየ አንድ ዘመን አፍሮ ነገሩን በቀለም ሸፍኖት ነበር። ሙዚየሙ ሥዕሉን እ.ኤ.አ. በ1930 ገዝቶ በኋላ ሲያጸዳው እውነተኛው መልክ ብቅ አለ። የጭፈራ ሥዕል ሁሉ ዕጣ ይህ ነው፤ አንዱ ይስለዋል፣ ሌላው አፍሮ ይሸፍነዋል፣ ሦስተኛው መልሶ ይገልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ዲትሮይት ከተማ በዕዳ ተዘፍቃ መክሰሯን ስታውጅ፣ ይሸጥ ይሆን ተብሎ የሙዚየሙ ንብረት ተገመተ፤ ይህች ሰሌዳ ብቻ ከ100 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ታወጣለች ተባለ። በመጨረሻ በጎ አድራጊዎች፣ ግዛቱና ሙዚየሙ ራሱ ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጥተው የከተማዋን ጡረተኞች ገንዘብም ሥዕሎቹንም አተረፉ። ስማቸው ያልተጻፈ ገበሬዎች ጭፈራ የአንድ ከተማ መያዣ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር።

በመስኮት የምታየው

ብሩጌል ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሳለው “የገበሬዎች ጭፈራ” ደግሞ ቪየና ነው። እዚህ ሕዝቡ አነሰና ሰዎቹ ገዘፉ። ከቀኝ በኩል አንድ ጠና ያለ ሰው ሴትዮዋን በእጇ እየጎተተ፣ ጫማው መሬቱን እየደበደበ፣ ወደ ሥዕሉ ሮጦ ይገባል። በግራ ጥንዶች ይሳሳማሉ፤ ከሙዚቀኛው አጠገብ የተቀመጠው ጎረምሳ ባርኔጣው ላይ የጣዎስ ላባ ሰክቷል። ከኋላ ቤተ ክርስቲያን ይታያል፣ ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተውታል። ዛፍ ላይ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሏል፣ ቀና ብሎ የሚያያት የለም።

ሊቃውንቱ እዚህ ላይ ለሁለት ተከፍለዋል። አንዱ ወገን “ይህ ተግሣጽ ነው፤ በበዓል ቀን በዓሉን የረሱ ሰዎች ናቸው” ይላል። የጣዎሱን ላባ የትዕቢት፣ መሳሳሙን የዝሙት ምልክት አድርጎ ይቆጥራል። ሌላው ወገን “እንዲህ ያለ ፍቅር ያለበት ብሩሽ ሊገሥጽ አይችልም” ይላል። በእኔ ግምት ጥያቄው ስለ ብሩጌል ብቻ አይደለም። ጭፈራ በተሳለበት ሁሉ፣ በሥዕሉ ውስጥም ሆነ ከሥዕሉ ውጭ፣ የማይጨፍር አንድ ሰው ቆሞ ያያል፤ የሥዕሉ ትርጉም የሚወሰነውም በዚያ ሰው ነው።

የዚህን ሰው አባት፣ ወይም እናት፣ እናውቃታለን። ንጉሡ ዳዊት በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ ሲጨፍር የሳኦል ልጅ ሜልኮል በመስኮት አይታ በልቧ ናቀችው። መጽሐፈ ሳሙኤል ታሪኩን ሲጨርስ የሚቀጣው ጨፋሪውን አይደለም፤ የመስኮቷን ተመልካች ነው። ግን ያው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሪት ዘጸአት ሌላ ጭፈራ አለው፤ ሕዝቡ የወርቁን ጥጃ ከቦ ሲጨፍር ሙሴ ከተራራው ወርዶ ጽላቱን ይሰብራል። እዚያ ደግሞ ትክክል የነበረው ተመልካቹ ነው። እግር ያው እግር፣ ከበሮ ያው ከበሮ ነው። የሚለየው መሀል ላይ ያለው ነገር ነው፤ በአንዱ ታቦት፣ በሌላው ጥጃ።

ፈረንሳዊው ኒኮላ ፑሳን ይህን ሁለተኛውን ጭፈራ እ.ኤ.አ. በ1633 እና 1634 መካከል ሳለው፤ ሥዕሉ ለንደን በብሔራዊ ሙዚየሙ ይገኛል። ፑሳን ሠርግ የሚገባ ሰው አልነበረም። ትናንሽ ምስሎችን ከሰም ይሠራል፣ ጨርቅ ያለብሳቸዋል፣ እንደ ቲያትር መድረክ በተሠራ ሳጥን ውስጥ ይደረድራቸዋል፣ ብርሃኑን ያስተካክላል፣ ከዚያ ይስላል። ስለዚህ ጨፋሪዎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እግራቸውን አንስተው፣ ልብሳቸው በነፋስ ተነፍቶ እያለ እንኳ አንድ የዝምታ ነገር አላቸው። ሙሴ ከሩቅ፣ በግራ በኩል፣ ጥላ ውስጥ ሆኖ ጽላቱን ሊወረውር እጁን አንስቷል። ልብ ብሎ ያላየ ያልፈዋል። ፊት ለፊት ያለው፣ የሚያበራው፣ ዓይን የሚስበው ጭፈራው ነው። ሠዓሊው ኃጢአቱን ሲያሳይ አሳምሮ አሳየው። ይህ ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1978 በስለት ተቀደደ፤ በ2011 ደግሞ ሌላ ሰው ቀይ ቀለም ረጨበት። ሁለቱም ጊዜ ታድሶ ተመለሰ። ጥጃውን ሊሰብር የሚመጣ ሙሴ፣ ወይም ራሱን ሙሴ ያደረገ ሰው፣ ከሥዕሉ ውጭም አልጠፋም።

እሑድ ከሰዓት

ፈረንሳይ ውስጥ እንቆይና ወደ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን እንሻገር። በፓሪስ የሞንማርትር ኮረብታ ላይ አንድ የቆየ የነፋስ ወፍጮ አለ። ባለቤቶቹ ጋሌት የሚባል ቂጣ ይሸጡ ስለነበር ቦታው የጋሌት ወፍጮ ተባለ። እሑድ ከሰዓት የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ልጃገረዶችና ሠራተኞች እዚያ እየተሰበሰቡ በዛፍ ጥላ ሥር ይጨፍሩ ነበር። ኦጉስት ረኗር እ.ኤ.አ. በ1876 ይህን ሲስል በመስኮት የሚያይ ፈራጅ አላስቀመጠም፣ ሙሴም የለም። የራሱን ወዳጆች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፤ ከኋላ ጥንዶች ይዞራሉ። የረኗር ዘዴ እግር ሳይሆን ብርሃን ነው። ፀሐይ በቅጠል መሀል ሾልካ በኮታቸው ጀርባ፣ በባርኔጣቸው፣ በመሬቱ ላይ ነጠብጣብ ትጥላለች። በነፋስ ጊዜ ዛፍ ሥር የተቀመጠ ሰው ያን ነጠብጣብ ያውቀዋል፤ አንድ ቦታ አይረጋም። ስለዚህ ሰዎቹ ባይንቀሳቀሱም ብርሃኑ ይንቀሳቀሳል።

ከሠላሳ ዓመት ግድም በኋላ ሌላ ሠዓሊ በዚያው የጋሌት ወፍጮ እሑድ ከሰዓት ቆሞ ያያል። ሄንሪ ማቲስ ነው። የሳበው ብርሃኑ አልነበረም፤ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው አዳራሹን በሩጫ የሚያቋርጡበት ፋራንዶል የሚባለው ጭፈራ ነበር። የሞስኮው የጨርቅ ነጋዴ ሰርጌይ ሽቹኪን ለቤቱ ደረጃ ትልቅ ሥዕል ሲያዝዘው፣ ማቲስ የፋራንዶሉን ዜማ እያፏጨ ሠራው። እ.ኤ.አ. በ1909 የመጀመሪያውን ሙከራ፣ በ1910 ደግሞ የመጨረሻውን ጨረሰ። ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ቁመት፣ አራት ሜትር የሚጠጋ ስፋት፣ ሦስት ቀለም። ሰማዩ ሰማያዊ፣ ኮረብታው አረንጓዴ፣ አምስቱ ጨፋሪዎች እንደ ጋለ ብረት ቀይ። ጠረጴዛ የለም፣ ልብስ የለም፣ ሙዚቀኛ የለም፣ ተመልካችም የለም።

ከፊት ለፊት በግራ በኩል ግን ክቡ ተበጥሷል። አንዷ ጨፋሪ ወደ ኋላዋ እጇን ዘርግታለች፤ ከመውደቅ ለጥቂት የቀረችው ሌላዋ ልትይዛት ትንጠራራለች፤ ጣቶቻቸው አልተገናኙም። የሥዕሉ ሞተር ያቺ ክፍተት ናት። ኤውቲሚደስ በተነሳ እግር ያደረገውን ማቲስ ባልተያያዘ እጅ አደረገው፤ ተመልካቹ ክቡን በሐሳቡ እስኪገጥመው ዕረፍት አያገኝም። ሥዕሉ በ1910 ፓሪስ ውስጥ ሲታይ ተመልካቹ ተሳለቀበት፤ ሽቹኪንም አመነታ፣ በኋላ ግን ልቡ አሸንፎት ወሰደው። ከሩሲያ አብዮት በኋላ በ1918 የሽቹኪን ስብስብ በመንግሥት ተወረሰ። ሥዕሉ ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ በኤርሚታዥ ሙዚየም አለ። ያቺ ክፍተትም እንዳለች አለች።

የተወጋው እግር

እስካሁን ያየናቸው አብዛኞቹ አንድ እምነት ይጋራሉ፤ ጭፈራ ማለት መሬትን መልቀቅ ነው። እግር ይነሳል፣ ቀሚስ ይበርራል፣ እጅ ይዘረጋል። አሁን ወደ አጎቴ እንመለስ። የአጎቴ ችግር እግሩ አለመነሳቱ ነው። እስክስታ ሁሉ ነገሩ ትከሻና አንገት ላይ ነው፤ እግር እንደ ምሰሶ ቆሞ ላይኛው አካል ይንቀጠቀጣል። በማኅሌት የሚቆሙ ካህናት ሽብሸባም እንዲሁ ነው። መቋሚያውን ይዘው ወደ ፊት ወደ ኋላ ዘንበል ቀና ይላሉ፣ ጸናጽሉ ይንሿሿል፣ ከበሮው ይመታል፤ ጉልበቱ ይለዝባል እንጂ ዝላይ የለም። (ካህናቱ ይህን ጭፈራ ብለን ብንጠራው አይወዱም። መወዛወዙ የጌታን መንገላታት፣ የከበሮው መመታት መከራውን እንደሚያስታውስ ነው የሚያስተምሩት። ከበሮው ላይ የተጠላለፈው ጠፍርም የግርፋቱ ሰንበር ነው።) የመሬት መልቀቅ ዘዴ እዚህ አይሠራም። ታዲያ የእኛ ሠዓሊ ምን ያድርግ?

መልሱ በብዙ አብያተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይ አለ። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን በአክሱም የነበረው ማኅሌታይ ያሬድ በንጉሡ በገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ይዘምራል። ሠዓሊው ያሬድን መቋሚያና ጸናጽል አስይዞታል፤ ካህናቱን በጎኑ ደርድሯል፤ ዜማውን አስተማሩት የሚባሉትን ሦስት ወፎች ከላይ አስቀምጧል። ንጉሡ ዘውዱን ደፍቶ፣ ጦሩን ተደግፎ ያዳምጣል። ሁሉም ቀጥ ብለው ቆመዋል። ዓይናቸው ትልልቅ ነው፣ ልብሳቸው አይርገበገብም፣ የተነሳ እግር የለም። ከሩቅ ላየው ሰው ለፎቶ የተሰለፉ ይመስላሉ።

ከዚያ ዓይናችሁን ወደ ታች አውርዱ። የንጉሡ ጦር ጫፍ ያረፈው መሬት ላይ አይደለም። ያሬድ እግር ላይ ነው። ዘልቆ ገብቷል፤ ደም ይወርዳል። ዘማሪው ግን ይዘምራል፤ ንጉሡም ያዳምጣል። ገድሉ እንደሚለው ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩ የት እንዳረፈ አላወቀም፤ ያሬድም ዜማው እስኪያልቅ መወጋቱን አላወቀም። ሲነቁ ንጉሡ ደንግጦ የደሙን ካሳ ጠይቀኝ አለው፤ ያሬድም ወደ ገዳም እንዲሄድ እንዲያሰናብተው ብቻ ለመነው፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ገባ።

ይህን ሥዕል ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ፤ ለረጅም ጊዜ የመሰለኝ የተአምር ሥዕል ነው። አሁን ግን ከላይ ካየናቸው ሠዓሊዎች ጎን ሳቆመው ሌላ ነገር አየሁበት። ሌሎቹ የጨፋሪውን እግር ከመሬት አንስተው እንቅስቃሴውን አሳዩን። የእኛ ሠዓሊ እግሩን ከመሬት ጋር በጦር ቸነከረው። እንቅስቃሴው በሥጋ ላይ ስላልታየ የግድ ሌላ ቦታ ፈለግነው፤ ውስጥ ሆኖ አገኘነው። ለዚህ የሚሆን ቃል አማርኛ አለው፤ ተመስጦ ይባላል። ተመስጦ የሚሳለው በሚደረገው ነገር ሳይሆን በሚረሳው ነገር ነው። እግሩን ረሳ፤ ያን ጊዜ የት እንደሄደ ገባን።

ይህን ቁልፍ ይዘን ወደ ኋላ ስንመለስ የቀሩትም ሥዕሎች ይከፈታሉ። የቪየናዎቹ ገበሬዎች ቤተ ክርስቲያኑን ረስተዋል፤ ፈራጁ እንደ ኃጢአት ይቆጥረው ይሆናል፣ መርሳቱ ግን ራሱ የጭፈራው ልክ ነው። ዳዊት ዘውዱን ረሳ፤ ሜልኮል አልረሳችውም። የዲትሮይቷ ሙሽሪት የገዛ ሠርጓ መሆኑን ረስታ ከሕዝቡ ተቀላቀለች። ጥሩ የጭፈራ ሥዕል ፊት ስትቆሙ “ምን እያደረጉ ነው?” ብላችሁ አትጠይቁ። “ምን ረሱ?” በሉ።

በቅርቡ ይህን እያሰብኩ የእህቴን አልበም እንደገና አወጣሁት። የአጎቴን ትከሻና የተጨፈነ ዓይኑን አለፍኩና፣ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ጊዜ አይተነው ወደማናውቀው ወደ ፎቶው ግርጌ ወረድኩ። መሬት ላይ የተኮማተረ ነጭ ጨርቅ አለ፤ ጥለቱ አረንጓዴ ነው። በላዩ ላይ ከነጭቃው አንድ ጥቁር ጫማ ቆሟል። ጫማውን ተከትዬ ሱሪውን፣ ሱሪውን ተከትዬ ወገቡን፣ ወገቡን ተከትዬ ወደ ላይ ስሄድ፣ ያቺ ጆሮ ድረስ የተሰቀለች ትከሻ ላይ ደረስኩ።

ለአጎቴ አልነገርኩትም። ያን ባለጌ እስከ ዛሬ ይፈልገዋል። እንግዳ መጥቶ “ጋሼን አሟቸው ነበር እንዴ?” ሲል ግን አሁን መልስ አለኝ፤ ዝም ብዬ ጣቴን ከፎቶው ግርጌ፣ ኩታው ላይ አሳርፋለሁ።